የጎማ ስፋትና የቸርኬ ልክ

የፖርሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. 911 የተባለችውን መኪና ለገበያ ሲያቀርብ የቸርኬዋ ስፋት 4.5 ኢንች፣ የጎማዋም 165 ሚሊሜትር ነበር። ሞተሯ ከኋለኛው ዘንግ በስተጀርባ በመቀመጡ በኩርባ ላይ ጀርባዋ ወደ ውጭ የመንሸራተት ጠባይ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. «ካሬራ አር ኤስ» ስትሠራ መሐንዲሶቹ ለፊቱ 6 ኢንች ቸርኬና 185 ሚሊሜትር ጎማ፣ ለኋላው 7 ኢንች ቸርኬና 215 ሚሊሜትር ጎማ መረጡ፤ ሰፊው ጎማ እንዲገባም የኋላውን ፓራፋንጎ አሰፉ።

ቸርኬውን ከገበያ ገዝቶ የሚለውጥ ባለመኪናም ይህን ቅንጅት ሊጠብቅ ይገባዋል። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገጠም ጎኑ አብጦ በኩርባ ይዋልላል፤ ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲለጠጥ ደግሞ የቸርኬው ከንፈር ለድንጋይ ምት ይጋለጣል። ስለዚህ የጎማ ምርጫ የሚጀምረው ቸርኬውን ከመለካት ነው።