ዘጠኝ ድል፣ አንድ እምቢታ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1951 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ሁለት የማይረሱ ነገሮች ሆኑ። በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት፣ ስቲልዎተር ከተማ፣ የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተጫዋች ጆኒ ብራይት ኳስ በእጁ ሳይኖር ከተጋጣሚው ወገን በተሰነዘረ ምት መንጋጋው ተሰበረ። የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ድርጊቱን በተከታታይ ምስሎች አስቀርተውት ስለነበር አገር ሁሉ አየው፤ ፎቶዎቹም የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። በዚያው ቀን ኒው ዮርክ ላይ ኦሊ ማትሰን የተባለ ሌላ ጥቁር ወጣት የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በእግራቸው መትተው የላኩትን የመክፈቻ ኳስ እየተቀበለ፣ ሁለት ጊዜ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ አስቆጠረ። ሁለቱም ሩጫዎች ከዘጠና ያርድ አያንሱም ነበር። ቡድኑ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ፣ 32 ለ 26 አሸንፎ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ።

ይህ ቡድን በ1951 ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸንፏል። ይሁን እንጂ የዓመቱ ታላላቅ ጨዋታዎች በሚደረጉበት በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ሜዳ ላይ አልነበረም። ከዚያ በኋላም በዚያ ደረጃ አልተጫወተም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፉትቦል አሥራ አንድ ተጫዋቾች ከአሥራ አንድ ጋር፣ በመቶ ያርድ ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ይዞ እስከ ሜዳው መጨረሻ የዘለቀ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ ስድስት ነጥብም ያገኛል። የኮሌጆቹ መደበኛ ውድድር በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ያበቃና ጎልተው የወጡት ቡድኖች በጃንዋሪ 1 አካባቢ ለሚደረጉት፣ ቦውል ለሚባሉት የክብር ግጥሚያዎች ይጋበዛሉ። ግብዣው በአዘጋጅ ኮሚቴዎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ቡድኑ ሁሉን ቢያሸንፍም ኮሚቴው ካልፈለገው ደጁ ዝግ ነበር።

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የኢየሱሳውያን ማኅበር የካቶሊክ ካህናት የሚመሩት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማትም የዚሁ ማኅበር አባል ነበሩ። ሳን ፍራንሲስኮዎቹ የራሳቸው ስታዲየም አልነበራቸውም፤ የሚጫወቱት በከተማው ንብረት በኪዛር ስታዲየም ነበር። አሰልጣኙ ጆ ኩሃሪች ከኖትርዳም የወጣ፣ በሥራው ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። ልጆቹን ክረምት ሲያልቅ ኮርኒንግ ወደምትባል የሰሜን ካሊፎርኒያ የገጠር ከተማ ይወስዳቸውና፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ሲያስሮጣቸውና ሲያጋጫቸው ይውላል። በዚያ ዘመን አሰልጣኞች በልምምድ መሃል ውኃ መጠጣትን እንደ ድክመት ይቆጥሩት ስለነበር፣ ሥቃዩ እጥፍ ነበር። ያን ፀሐይ የተቋቋሙት ልጆች እርስ በርስ የተዋወቁት እዚያ ነው።

ስብስቡ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። ጂኖ ማርኬቲ ከኢጣሊያ ስደተኞች የተወለደ ሲሆን፣ በጉርምስናው አውሮፓ ዘምቶ ከናዚ ጀርመን ጦር ጋር የተዋጋ ነው። ቦብ ሴንት ክሌር የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ጥሬ ሥጋ መውደዱ ለአገሩ ሰዎች ትልቅ ወሬ ነበር፤ እኛ ዘንድ ቢወለድ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ ባላየው። ኳስ አከፋፋዩ ኤድ ብራውን ነበር። የቡድኑን ዜና ለጋዜጦች የሚያደርሰው ደግሞ ፒት ሮዜል የሚባል ወጣት ሲሆን፣ ስሙ ወደፊት ከተጫዋቾቹ ሁሉ በላይ ይገናል።

ጥቁሮቹ ሁለት ነበሩ፤ ማትሰንና በርል ቶለር። ማትሰን በቴክሳስ ትሪኒቲ ተወልዶ ሳን ፍራንሲስኮ ያደገ፣ ፍጥነትን ከክብደት ጋር ያጣመረ ሯጭ ነው። ቶለር የመጣው ከቴነሲዋ ሜምፊስ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ ሲሆን፣ እዚያም በ1948 ሽንፈት በማያውቅ ቡድን ውስጥ አብረው ተጫውተዋል። ቶለር በመከላከል ላይ ተጋጣሚን ለቅሞ የሚጥል፣ ከሜዳ ውጭ ግን ዝግ ያለና ጨዋ ሰው ነበር። አብረውት የተጫወቱ ሰዎች ከቡድኑ ሁሉ የላቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም ይሉ ነበር።

ውድድሩ ሲጀመር ሳን ሆዜ ስቴትን 39 ለ 2 ረቱ። አይዳሆን 28 ለ 7 አሸነፉ። የካምፕ ፔንድልተን የባሕር ወለድ ጦር ቡድን አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር 26 ለ 0 ተሸኘ። ሳን ሆዜ ስቴት ሁለተኛ ጊዜ ገጥሞ እንደገና ተሸነፈ። ከኒው ዮርኩ ድል በኋላ የሳን ዲዬጎው የባሕር ኃይል ማሠልጠኛና ሳንታ ክላራ ተራቸውን ቀመሱ። ትልቁ ፈተና ኖቬምበር 17 ቀን በስቶክተን ከተማ፣ ከፓስፊክ ኮሌጅ ጋር ነበር። ከዚያ ጨዋታ የሚያሸንፈው ወደ ቦውል ይሄዳል ተብሎ ተገምቶ ነበርና ውጤቱ 47 ለ 14 ሲሆን፣ ሳን ፍራንሲስኮዎች ሻንጣ ማዘጋጀት ብቻ የቀራቸው መሰላቸው። በሳምንቱ በፓሳዲና፣ በሮዝ ቦውል ስታዲየም፣ ሎዮላን 20 ለ 2 አሸንፈው ዘጠነኛውን ድል ዘጉ። ማትሰን በዘጠኝ ጨዋታ 1,566 ያርድ ሮጦ፣ 21 ታችዳውን አስቆጥሮ፣ በአገሩ ካሉ የኮሌጅ ሯጮች ሁሉ አንደኛ ወጣ።

ከድሉ በስተጀርባ ግን የገንዘብ ጭንቀት ነበር። ከ1946 ጀምሮ የባለሙያዎቹ ቡድን ፎርቲ ናይነርስ በዚያው በኪዛር መጫወት ሲጀምር የከተማው ተመልካች ወደዚያ አዘነበለ። የአካባቢው ትንንሽ የካቶሊክ ኮሌጆች የፉትቦልን ወጪ መሸከም እያቃታቸው መጣ። ጎረቤታቸው ሴንት ሜሪስ ከ1950 ውድድር በኋላ ቡድኑን አፈረሰ። ለሳን ፍራንሲስኮም የቀረው መውጫ አንድ ትልቅ ቦውል ነበር፤ ከመግቢያ ዋጋው የሚደርሰው ድርሻ ዕዳውን ሸፍኖ ቡድኑን ቢያንስ ለጊዜው ያቆየዋል።

ከታላላቆቹ ቦውሎች አንዱ የሆነው የፓሳዲናው ሮዝ ቦውል በስምምነት ለሁለት ትልልቅ የኮሌጅ ማኅበራት የተያዘ ስለነበር አይገቡበትም። የቀሩት በደቡብ ነበሩ፤ ኦሬንጅ ቦውል በማያሚ፣ ሹገር ቦውል በኒው ኦርሊንስ፣ ጌተር ቦውል በጃክሰንቪል። በእነዚያ ከተሞች ጥቁርና ነጭ በአንድ ሆቴል አያድሩም፣ በአንድ ምግብ ቤት አይበሉም፣ በአንድ ወንበር አይቀመጡም። የሰሜን ኮሌጆች ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጥቁር ተጫዋቻቸውን ቤት ትተው የመሄድ ልማድ ነበራቸው። ይህንንም በጨዋ ቋንቋ የጨዋዎች ስምምነት ይሉት ነበር።

ስምምነቱን የተቀበሉት ጥቂቶች አልነበሩም። ቦስተን ኮሌጅ ራሱ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ነው። በ1941 መባቻ በሹገር ቦውል ቴነሲን 19 ለ 13 አሸንፎ ታላቅ ዝና ሲያተርፍ፣ ጥቁሩ ተጫዋቹ ሉ ሞንትጎመሪ እንዲሰለፍ አልተፈቀደለትም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኮተን ቦውልም እንዲሁ ሆኖበታል። በሌላ በኩል የፔን ስቴት ተጫዋቾች በ1946 ጥቁር ጓደኞቻችንን ትተን ማያሚ አንሄድም ብለው ጨዋታው እንዲቀር አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ዋሊ ትሪፕሌትና ዴኒ ሆጋርድ ከእነርሱ ጋር ዳላስ ሄደው በኮተን ቦውል ተጫወቱ። ስለዚህ በ1951 መጨረሻ ላይ መንገዱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ተሞክረው ነበር።

ለሳን ፍራንሲስኮዎች የደረሳቸው መልእክት ማትሰንንና ቶለርን ካስቀራችሁ ትጋበዛላችሁ የሚል ነበር። ማርኬቲና ጓደኞቹ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደመሰከሩት ነገሩን ለልጆቹ የነገራቸው አሰልጣኙ ኩሃሪች ነው። ስብሰባ ተጠርቶ ክርክር አልተካሄደም፣ ድምፅም አልተቆጠረም፤ መልሱ ወዲያው እምቢ ሆነ። ቦውል መሄድ የማይፈልግ አንድም ተጫዋች ባልነበረበት፣ ብዙዎቹም ለባለሙያ ቡድን መልማዮች በታላቅ መድረክ የመታየት ዕድል በሚጠብቁበት ሰዓት የተሰጠ መልስ ነው። በኮርኒንግ ፀሐይ አብረው ለከረሙ ሰዎች ሁለቱን ትቶ መሄድ እንደ አማራጭ አልታያቸውም።

ኮሚቴዎቹ በይፋ ይህን ምክንያት አልተናገሩም። ሲባል የነበረው የሳን ፍራንሲስኮ ተጋጣሚዎች ደካሞች ናቸው የሚል ነው። በከፊል እውነት አለው፤ ታላላቆቹ ጎረቤቶቻቸው፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ስታንፎርድ፣ በዚያ ዓመት መርሐ ግብራቸው ውስጥ አልነበሩም። ነገር ግን በእነርሱ 47 ለ 14 የተረታው ፓስፊክ ኮሌጅ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ሰን ቦውል ተጋብዞ ሄዷል። በኦሬንጅ ቦውል ጆርጂያ ቴክ ቤይለርን 17 ለ 14 ሲያሸንፍ፣ ዘጠኝ ለባዶው ቡድን ቤቱ ተቀምጦ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድኑን ማፍረሱን አስታወቀ። ኩሃሪች ወደ ቺካጎ ካርዲናልስ ሄዶ የባለሙያዎች አሰልጣኝ ሆነ። አንድ ዓመት ትምህርት የቀረው ሴንት ክሌር የሚጫወትበት ቡድን ስላጣ ወደ ተልሳ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሎዮላም በዚያው ዓመት ፉትቦልን ተወ፤ ሳንታ ክላራ ደግሞ በዓመቱ ተከተለ። የቦውል ገንዘብ ቢገኝ ኖሮ ሳን ፍራንሲስኮን ለስንት ዓመት ባቆየው ነበር የሚለውን መገመት ይከብዳል። ልጆቹ ግን ያን ገንዘብ ትምህርት ቤታቸው ምን ያህል እንደሚፈልገው እያወቁ ነው የተዉት።

የተበተኑት ልጆች የደረሱበት ቦታ የቡድኑን ጥራት ያሳያል። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ብር አገኘ። ከዚያም ካርዲናልስ ገባ፤ በ1959 ሎስ አንጀለስ ራምስ እሱን ለመውሰድ በዘጠኝ ተጫዋቾች ለወጠው። ማርኬቲ በባልቲሞር ኮልትስ ከዘመኑ ተከላካዮች ሁሉ የላቀ ተባለ። ሴንት ክሌር ወደ ከተማው ተመልሶ ለፎርቲ ናይነርስ ተጫወተ፤ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱም፣ በኮሌጅም፣ በባለሙያነቱም ሜዳው ያው ኪዛር ነበር። ዛሬ ሜዳው በስሙ ይጠራል። ሦስቱም በባለሙያዎች ፉትቦል የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ከአንድ የኮሌጅ ቡድን ሦስት ሰው እዚያ መድረሱ እጅግ ብርቅ ነው።

የቶለር መንገድ ከሁሉም ይለያል። በ1952 ክረምት፣ በቺካጎ በተደረገው የኮሌጅ ኮከቦች ጨዋታ፣ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳና የባለሙያ ተጫዋችነት ሕይወቱ ሳይጀመር አበቃ። ወደ መምህርነት ገባ፤ በሳን ፍራንሲስኮም የመጀመሪያው ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። ፉትቦልንም አልተወም። በ1965 የባለሙያዎቹ ሊግ ኤን ኤፍ ኤል በዳኝነት ሲቀጥረው፣ በታላላቆቹ የአሜሪካ ባለሙያ ስፖርቶች ሁሉ ሜዳ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ የሊጉ የበላይ ኃላፊ የቀድሞው የቡድናቸው ዜና አቅራቢ ፒት ሮዜል ነበር። በጃንዋሪ 1980 ፒትስበርግ ስቲለርስ ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር በሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ ሲገጥም ቶለር ከዳኞቹ አንዱ ሆኖ ተሰለፈ። ጨዋታው የተካሄደው የመጨረሻውን የኮሌጅ ድላቸውን ባስመዘገቡበት በሮዝ ቦውል ስታዲየም ነው።

የደቡብ በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በጃንዋሪ 1956 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተጫዋች ቦቢ ግሪየር በሹገር ቦውል ሊሰለፍ ሲል፣ የጆርጂያው ገዥ ማርቪን ግሪፊን ጨዋታው እንዲቀር ዘመቻ ከፈተ። የተጋጣሚው የጆርጂያ ቴክ ተማሪዎች ራሳቸው አደባባይ ወጥተው ተቃወሙት፤ ግሪየርም ተጫወተ። በእነዚያው ዓመታት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ቡድን ጥቁሮቹን ተጫዋቾች ቢል ራስልንና ኬ ሲ ጆንስን ይዞ በ1955ና በ1956 የአገሩን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ወሰደ።

ለ1951ዱ ቡድን ክብር የመጣው ተጫዋቾቹ ካረጁ በኋላ ነው። በ2006 ዩኒቨርሲቲው በሕይወት ለነበሩት የቡድኑ አባላት የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ቶለር በ2009፣ ማትሰን በ2011፣ ሴንት ክሌር በ2015፣ ማርኬቲ በ2019 አረፉ። ቦስተን ኮሌጅም በ2012 የሉ ሞንትጎመሪን የማሊያ ቁጥር በክብር ሰቀለ፤ ሰውየው ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። ማትሰንና ቶለር ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ከጓደኞቻቸው አንዱም ትቷቸው እንዳልሄደ አውቀው ኖረዋል።