መትከል እንወዳለን፤ መተካትስ?

በአማርኛ «መትከል» እና «መተካት» በድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው። በታሪካችን ግን እምብዛም አይጠያየቁም። ሲተከል ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ሲተካ ማንም አይመጣም። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለ ሁለተኛው ነው። ሰበባችንም ትንሽ ነገር ናት፤ ዩፒኤስ ውስጥ የምትቀመጥ ባለ 12 ቮልት ባትሪ።

ቤቱ ሰርቨር ያስቀመጠ ሁሉ ያውቃታል። መብራት እልም ሲል ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ ደግፋ የምትይዘው እሷ ናት። ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ታገለግልና ታረጃለች። ችግሩ እርጅናዋ አይታይም። ዩፒኤሱ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ደህና መስሎ ይቀመጣል። መብራት የሄደ ዕለት ግን አንዴ ጮሆ አብሮ ይሄዳል። ይህ የአዲስ አበባ ልጆች ጣጣ ብቻ ከመሰላችሁ፣ ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንውሰዳችሁ። እዚያ የኤሌክትሪክ ታሪክ የሽቦ ታሪክ ከመሆኑ በፊት የባትሪ ታሪክ ነበር።

እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስ ዝርጎችን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ እንደገና ሊሞላ የሚችል የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። በዩፒኤሳችን ውስጥ ያለችው የዚያች የልጅ ልጅ ናት። ያን ጊዜ በእኛ አገር የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያኑን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገዱን በእጃቸው ጭምር እየጠረጉ፣ በጋይንት በኩል አድርገው መቅደላ አወጡት። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

ከዚያስ? ጋፋት ባዶዋን ቀረች። ሠሪዎቹ ከንጉሡ ጋር ሄደው ነበር፤ መቅደላ ሲወድቅ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ለሠሪዎቹ ግን ምትክ አልተገኘም። የሚገርመው፣ የንጉሡ የልጅነት ስም ካሳ ነው። ካሳ፣ ተካ፣ ምትኩ፣ ምትኬ... ለጠፋው ምትክ ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ለሰው ምትክ ስም ያላጣን ሰዎች ለዕቃ ምትክ በጀት መያዝ ለምን ከበደን?

ገበሬውን ግን በዚህ አትክሰሱት። ለብዙ የገጠር ቤት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ «ባትሪ ድንጋይ» ነበር። ሬዲዮው በሱ ያወራል፣ በሌሊት መንገድ በሱ ይታያል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የባሰበትም በጥርሱ ይነክሰዋል። ይህ ባዶ ልማድ አይደለም። ሙቀት ውስጡ ያለውን ኬሚካል ለጊዜው ስለሚያነቃቃው ትንሽ ዜና ያሰማል። ግን አይሞላም። ገበሬው ይህንን ያውቃል። ስለዚህ የገበያ ቀን ሲደርስ ከጨውና ከላምባው ጋር አዲስ ድንጋይ ይገዛል። በሌላ አነጋገር፣ የመተኪያ በጀት ነበረው ማለት ነው።

በጀቱ የጠፋው ዕቃው ሲረቅቅ ነው። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት የሚያገናኘው ወረዳኔት መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም «ፕላዝማ»ን ተዋወቁ። ጣሪያ ላይ ሳህን ወጣ፣ ክፍል ውስጥ ሰርቨርና ዩፒኤስ ገባ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛው በአንድ ጊዜ፣ በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ባትሪው የሚሞተው ግን ከሦስት አራት ዓመት በኋላ፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ነው። ደመወዝ ከፍሎ እምብዛም የማይተርፈው ወረዳ ለባትሪ ከየት ያምጣ?

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ ድሃ አገሮች ክትባት የሚያቀዘቅዙ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች ተተከሉ። ፀሐይዋ አልከዳችም፤ የከዱት ባትሪዎቹ ናቸው። ሲሞቱ የሚተካቸው አልተገኘም፣ ክትባቱም ተበላሸ። በኋላ መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ባትሪውን ጨርሰው አወጡት። አዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች ቀን ከፀሐይ ባገኙት ጉልበት በረዶ ይሠራሉ፣ ሌሊት በበረዶው ይቀዘቅዛሉ። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችም ይገኛሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መተካት የማትችለውን አትትከል።

እርግጥ ባትሪ ሁሉን አይፈታም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲገባ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ የሞላ ባትሪ ይዞ መቀመጥ ምን ይጠቅማል? እንላለን፦ ይጠቅማል። መስመር ሲዘጋ በእጃችን የሚቀረው ቤታችን ያስቀመጥነው ብቻ ነው። የበሽተኛው መዝገብ፣ የተማሪው ውጤት፣ የአያት ድምፅ፣ የሠርጉ ፎቶ። ሰርቨሩ በተደጋጋሚ በድንገት ከጠፋ ዲስኩ ይጎዳል፤ ዲስኩ ሲሄድ ደግሞ እንደ ጋፋት ነው፣ ምትክ የለውም።

እናማ፣ ወደ ሥራው። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። 60 ዋት የሚበላ ሰርቨር ላይ በተግባር ግማሽ ሰዓት ካቆየች ጎበዝ ናት። ሙቀት ጠላቷ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜዋ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በተቀመጠችው ንፋስ መውጫ ያለች ባትሪ፣ ወደ ዓባይና በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ካለችው እኅቷ የተሻለ ዕድሜ ብትጠብቅ አይፈረድባትም። ባዶ ሆና ከርማ ከቆየች ደግሞ ዝርጎቿ ሰልፌት ይለብሳሉ፤ በኋላ ቢሞሏትም አትመለስም።

ስትተኩ ሰርቨሩን በሥርዓቱ አጥፉ፣ ዩፒኤሱን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉ። ቮልቱም መጠኑም ከአሮጌዋ ጋር አንድ ይሁን። ሁለት ባትሪ ካለ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለውጡ፤ አሮጌዋ አዲሷን ትጎትታለችና። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ፣ ሁለቱን ጫፎች ብረት እንዳያገናኛቸው ተጠንቀቁ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ትሞላ። አሮጌዋን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሏት፤ እርሳሷም አሲዷም መርዝ ነው። ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊትም ጠይቁ፤ ጓሮ ውስጥ የሚቀልጥ እርሳስ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው የሰፈሩን ልጆች ነው።

በመጨረሻ እስክሪብቶ አንሡና ጀርባዋ ላይ ሁለት ቀን ጻፉ፦ የተተከለችበትንና የምትተካበትን። ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ብር አስቀምጡ። መሥሪያ ቤት የምትሠሩም ካላችሁ፣ በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ «የባትሪ መተኪያ» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። ማንም አያጨበጭብላችሁም። መብራት የሄደ ቀን ግን መዝገቡ አይጠፋም።