ያረፈ መሬት ጦም አላደረም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ግልገል በለስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የእርሻ ዓይነቶችን ዘረዘርኩ። «ተዘዋዋሪ እርሻ» የሚለው ጋ ስደርስ «ኋላ ቀር፣ ደን አውዳሚ፣ ምርቱ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። እኔም እንደዚያው ተምሬ ስለመጣሁ አልተጠራጠርኩም። ከማንዱራ የመጣ አንድ የጉሙዝ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እናንተ አገር መሬት ሲደክመው ምን ታደርጉታላችሁ?» አለኝ። «ማዳበሪያ እንጨምርበታለን» አልኩት። «እኛ እናሳርፈዋለን» ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህን የምጽፈው ያኔ ያልመለስኩለትን ልመልስለት ነው።

እስቲ ከቋንቋችን እንጀምር። መሬት ሳይታረስ ሲከርም «ጦም አደረ» እንላለን፤ ራቱን ሳይበላ እንደተኛ ሰው። «ጠፍ» እንላለን፤ ከመጥፋት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ግን እኛ ደገኞቹስ አናሳርፍም ነበር? በሸዋ ደጋ ገበሬው አፈሩን ከምሮ እያጤሰ ገብስ ይዘራበትና ከዚያ መሬቱን ለብዙ ዓመታት ለሣር ይተወው ነበር። ሕዝብ በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ማሳረፉ ቀረ። ከቀረ በኋላ ረሳነው፤ ከረሳነው በኋላ ሌላው ሲያደርገው ስንፍና መሰለን።

የጉሙዝ እርሻ እንዲህ ነው። በበጋ ቁጥቋጦውና ቀርከሃው ይመነጠራል፣ ሲደርቅ ይቃጠላል። ትልልቅ ዛፎች ይቀራሉ፣ ጉቶም አይነቀልም። ዝናብ ሲጥል ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥ፣ ዱባ ይዘራል፤ ሥራው ሁሉ በእጅ ነው። አመዱ ለአፈሩ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ይሰጠዋል፣ አሲዳማነቱንም ይቀንሳል። ናይትሮጂኑ ግን አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። እሳቱ የአረም ዘርም ይገድላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ጥሩ ነው። እየቆየ አፈሩ ይደክማል፣ አረሙ ይበረታል፣ ማሽላው ውስጥ አቀንጭራ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል፤ ያልተነቀለው ጉቶ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ ከታች ያለውን ንጥረ ነገር ይስባል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩ ያገግማል። ጫካውም በዚህ መሃል ሥራ አይፈታም። የቀርከሃ ቡቃያ የሚበላው ከዚያ ነው፣ ማሩ ከዚያ ነው፣ ማገዶውና መድኃኒቱ ከዚያ ነው።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። አንድ ቤተሰብ አንድ ሄክታር ለ3 ዓመት አርሶ ለ12 ዓመት ቢያሳርፍ ዙሩ 15 ዓመት ነው። ዙሩ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል 5 ሄክታር ያስፈልገዋል። ሊለካ የመጣ ሰው ግን በዚያ ቀን የሚያየው ምንድን ነው? አንድ ሄክታር እርሻ፣ አራት ሄክታር ጫካ። መዝገቡ ላይ «አራት ሄክታር ባዶ» ብሎ ይጽፋል። አራቱን ወስዶ ለሌላ ሲሰጥ ትርፍ መሬት የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን የሚቀጥሉትን 12 ዓመታት እህል ነው።

ይህ በእኛ አካባቢ በትልቁ ተሠርቷል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከጎጃምም ከ80 ሺህ በላይ ሰው በለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ አሰፈረ። ብዙዎቹም ወደው አልመጡም፤ በበሽታም በናፍቆትም አልቀዋል። እነሱን ልወቅስ አይደለም። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በሳሊኒ ኩባንያ ሠራተኞች የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ዶዘሩ ጫካውን ጠረገ፣ ትራክተሩ ገባ፣ መንደሮች በቁጥር ተሰየሙ። «ድንግል መሬት» ነበር የተባለው። ድንግል ግን አልነበረም፤ ጎሳዎች ድንበሩን የሚያውቁት፣ ዞረው የሚመለሱበት መሬት ነበር። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ትራክተሩም ዛገ፣ ብዙ ሰፋሪም ተመልሶ ሄደ። ተነቅሎ የተጣለው ጉቶ ግን ተመልሶ አያቆጠቁጥም።

ታዲያ ማሳረፊያው ጊዜ ሲያጥር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሁለት ዴንማርካውያንን ልጥቀስ። ኤስተር ቦስረፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሕዝብ ሲበዛ የእረፍቱ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ከነበረው ወደ 6 እና 10 ዓመት፣ ከዚያም ወደ አንድና ሁለት ዓመት ይወርዳል አለች። ጫካው ሣር ይሆናል፣ ሣሩን ለመገልበጥ ማረሻ ያስፈልጋል፣ የሰውም ድካም ይጨምራል። ኦሌ መርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር «እረፍቱ ባጠረ ቁጥር ምርቱ በዚያው ልክ ይወድቃል» የሚለው በቂ ማስረጃ የለውም አለ። ዝናቡ፣ አፈሩ፣ አረሙ፣ ተባዩም አለበትና። ስለዚህ ዓመት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የምርቱ ቁጥር ለጊዜው ባይወድቅ እንኳ ያንኑ ምርት ለማግኘት የሚወጣው ጉልበት ይከብዳል። አረሙን ጎንበስ ብላ የምትነቅለው፣ ማታ ሸክሟን በትከሻዋ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥላ የምትመለሰው የጉሙዝ ሴት ታውቀዋለች።

የእኛን አካባቢ ጣጣ የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። ሣሩ ማረሻ ይፈልጋል፤ ማረሻው በሬ ይፈልጋል፤ በለስ ቆላ ደግሞ በሬን በገንዲ ይገድላል። በሬ የሌለው ጉሙዝ መሬቱን በሬ ላለው ደገኛ በእኩል ይሰጣል። ውሉ በቃል ነው፣ ዓመቱ ይራዘማል፣ ልጆች ይወርሱታል፣ ከዚያ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት በመተከል የፈሰሰውን ደም ሁሉ መሬት አመጣው አልልም። ግን መሬት የለበትም የሚለኝን ሰውም አላምንም።

ከእናንተ ውስጥ ዛሬ በግብርናና በመሬት አስተዳደር ቢሮዎች የምትሠሩ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። «ባዶ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት እዚያ ቀበሌ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታረሰ? ያሳረፈው ማን ነው? መቼ ሊመለስበት ነው?

አንተም የማንዱራው ልጅ፣ ዛሬ የት እንዳለህ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ ግን ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ መልስህም። ስለሳቅሁብህ ይቅርታ አድርግልኝ።