የመናገሻ ደን በአራቱ ወቅቶች



ያለፈውን ዘመን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የብራና መጽሐፍን፣ ሐውልትንና ፍርስራሽን ነው። ይሁን እንጂ ሥር ሰድዶ የቆመ ዛፍም እንደ መዝገብ የሚነበብበት ስፍራ አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በወጨጫ ተራራ ጐን ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ከእነዚህ አንዱ ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህ ደን እንዴት እንደ ተረፈ፣ በመሪ እየተመሩ በየወቅቱ የሚጐበኙት ሰዎችም ምን እንደሚማሩበት ባጭሩ እንመለከታለን።

ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቍቶ ባዩ ጊዜ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ትውፊት እንደ ሰነድ አይመረመርም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያስረዳናል። ይኸውም ደን በዝናብና በአፈር ብቻ ሳይሆን በሰው ፈቃድና ጥበቃም እንደሚኖር፣ አባቶቻችን ዛፍ ያስተከለውን ንጉሥ ከሌላው ሥራው ጋር እያነሡ ሲያስታውሱት መኖራቸውን ነው።

የጥበቃው ነገር ይበልጥ የከበደው ግን ዋና ከተማችን ከተቈረቈረች በኋላ ነው። አስቀድሞ በእንጦጦ፣ ከ1879 ዓ.ም. በኋላም በአዲስ አበባ የሰፈረው ብዙ ሕዝብ ለቤቱ ምሰሶና ማገር፣ ለአጥሩ፣ ለማገዶውም የሚሆነውን እንጨት ከአካባቢው ተራሮች ይቈርጥ ነበርና፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያው ተመለጠ። ችግሩ እየጸና ስለ ሄደ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ትተው በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም መቀመጫቸውን ለማዛወር አስበው፣ ሥራውንም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አድጎ ስለሚደርስ፣ ተቈርጦም እንደ ገና ስለሚያቈጠቍጥ የከተማውን ጥማት አረካ።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ማገዶውን ቢተካም ጥዱን አልተካም። በአንድ ሰው ዕድሜ የተተከለ ጥድ ሙሉ ግርማውን የሚያገኘው በልጅ ልጆቹ ዘመን ነው። ዐፄ ምኒልክም የመናገሻን ደን የመንግሥት ይዞታ አድርገው እንዲጠበቅ ማዘዛቸው ከዚህ የተነሣ ትልቅ ትርጕም አለው። የእንጦጦ ጥንታዊ ጥድ ሲያልቅ የመናገሻው መትረፉ ምሳር ሳይደርስበት ቀርቶ ሳይሆን፣ ጠባቂ ስለ ነበረው ነው።

ዛሬ ወደ ደኑ የሚገባውን እንግዳ እየመራ የሚያሳየው ሰው የዚያ ጠባቂ ወራሽ ነው ማለት ይቻላል። መሪው እየሄደ ዛፉን ከነጥቅሙ ያስረዳል፤ ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ መመረጡን፣ ዝግባ ለሣንቃ፣ ወይራም ለወተትና ለጠላ ዕቃ ማጠኛ መሆኑን ይናገራል። ከፍ እያሉ ሲወጡ ኮሶው፣ ከዚያም በላይ አስታው ይመጣል፤ የተራራው ራስም ከ3,300 ሜትር በላይ ነው።

በአባቶቻችን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ስለ ተከፈለ፣ ደኑም አራት መልክ አለው። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ በሚገባው በመፀው ምንጩ ይጠራል፤ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም በአገራችን ዛፎች ላይ ይታያሉ። ለዘመናት የትል መድኃኒት ሆኖ የኖረው የኮሶ አበባም ከዚሁ ወራት ጀምሮ ቀልቶ ተንዠርጎ ይታያል። ከታኅሣሥ 26 ቀን በኋላ በበጋ ሜዳው ሲደርቅ ጥዱ እንደ ለመለመ ይቈያል፤ መንገዱም ደረቅ ስለሚሆን ጉሬዛውንና በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራውን የምኒልክ ድኩላ ለማየት ይመቻል። ነገር ግን አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የብዙ ትውልድን ድካም የምታጠፋው በዚህ ወቅት ነው። ከመጋቢት 26 ቀን በኋላ በፀደይ የበልጉ ዝናብ ሲወርድ ከሥር ያለው ቡቃያ ይነሣል፤ መሪውም የሚያሳየው ትልልቁን ግንድ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚተካውን ችግኝ ነው።

ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ባለው ክረምት ጭጋጉና ጭቃው ብዙውን ሰው ያስቀራል። ይሁን እንጂ የደኑ ዋና ሥራ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በተራቈተው ኰረብታ ላይ የወረደው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ደፍርሶ ሲሮጥ፣ በዛፎቹ ሥር የወረደው በረገፈው ቅጠል ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ከወጨጫ የሚፈሱት ጅረቶች መጨረሻቸው አዋሽ ስለ ሆነ፣ በተራራው ላይ የቆመ ጥድ በቈላ ያለውን ገበሬ ይጠቅማል።

ክቡራን አድማጮች፤ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች የአንድ መዝገብ መጥፋት ምን ያህል እንደሚያስጠይቅ እናውቃለን። የጠፋው ደብዳቤ ግልባጩ ከሌላ ክፍል ይፈለግ ይሆናል፤ ለአሮጌ ደን ግን ግልባጭ የለውም። ከተማው እየሰፋ፣ እርሻው ሽቅብ እየወጣ፣ ከባሕር ዛፍ በቀር የአገሩን ዛፍ ስም የማያውቅ ልጅም እየበዛ ሲሄድ፣ የደኑ ጠባቂ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ወደ መናገሻ የሚወጣ ሰው በበዓል ቀን አንድ ጊዜ አይቶ ከመመለስ ይልቅ በአራቱም ወቅቶች ቢሄድ፣ የዛፎቹንም ስም ከመሪው ተምሮ ለልጆቹ ቢያስተምር፣ የጥበቃው ተካፋይ ይሆናል። ስሙን የምናውቀውን ዛፍ ሲቈረጥ አይተን በዝምታ ማለፍ ያስቸግረናልና።