ያልታየ ፊልም አይመረጥም

ፊልም የሚወድ ሰው ከምንም በላይ የወደዳቸው የትኞቹ እንደሆኑ ሲጠየቅ መልስ አያጣም። አንድ የጦርነት፣ አንድ የፍቅር፣ አንድ ኮሜዲ፣ አንድ የሚያስፈራ ይደረድርና ለእያንዳንዱ ይከራከርለታል። ዝርዝሩ የራሱ ስሜትና ማስተዋል ፍሬ ስለሚመስለው ሲነቀፍበት እሱ የተነቀፈ ያህል ይከፋዋል። የዚህን ልማድ ታሪክ ለሚመረምር ግን ሰው ከመምረጡ በፊት ሌሎች እንደመረጡለት ግልጽ ነው። የትኛው ኮፒ ይቀመጥ፣ የትኛው ወደ ሲኒማ ቤት ይመለስ፣ የትኛው ለቴሌቪዥን ይሸጥ ብለው የወሰኑ ኩባንያዎች፣ ባለመብቶችና የፊልም ቤተ መዛግብት የምርጫውን ድንበር አስቀድመው አስምረውታል። የህንድ ፊልም በአዲስ አበባ ያን ያህል የተወደደው የከተማው ሲኒማ ቤቶች ደጋግመው ስላሳዩት ጭምር ነው። ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ግን የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያስያንን ምርጥ አሥር ፊልሞቻቸውን የሚጠይቅበት ምርጫ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ ከተሠራ ገና አራት ዓመቱ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ሁለተኛ ደረጃን እኩል የተካፈሉት ሁለቱም የቻርሊ ቻፕሊን ኮሜዲዎች መሆናቸው ነው፤ «ሲቲ ላይትስ» እና «ዘ ጎልድ ረሽ»። ዛሬ ሃያስያን ሳቅን ከቁም ነገር አያስቀድሙም ተብለው ይታማሉ፤ ያኔ ግን አስቀድመዋል። ለምን? ቻፕሊን የፊልሞቹ መብት በእጁ ነበር። «ዘ ጎልድ ረሽ»ን በ1942 በራሱ ድምፅ ትረካ ጨምሮበት እንደገና አወጣው፤ «ሲቲ ላይትስ»ን ደግሞ ምርጫው ከመካሄዱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1950፣ ወደ ሲኒማ ቤቶች መለሰው። በዚያው በድምፅ አልባው ዘመን ከእሱ ጋር የሚወዳደረው ባስተር ኪተን በአሥሩ ውስጥ አልነበረም። ኪተን በፊልሞቹ ላይ የነበረውን ነፃነት በስቱዲዮ ውል አጥቶ፣ ሥራዎቹም ከገበያ ርቀው ነበር። በ1950ዎቹ ኮፒዎቹ ተፈልገው ተገኙ፣ ተባዙ፣ በፌስቲቫሎች ታዩ። በ1972 «ዘ ጄኔራል» ከአሥሩ ተርታ ገባ። ፊልሙ ላይ በእነዚያ ሃያ ዓመታት አንዲት ትዕይንት አልተጨመረበትም፤ ተመልካች ግን አግኝቷል።

«ሲቲዝን ኬን»ም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ኦርሰን ዌልስ ፊልሙን በ1941 ሲያወጣ የጋዜጣ ባለሀብቱ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት በእሱ ሕይወት ላይ የተሠራ ነው ብሎ ጋዜጦቹ ስለ ፊልሙ እንዳያነሱ አደረገ፤ ፊልሙም ከሰረ። ፈረንሳዮች ያዩት ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ነው። በ1952ቱ ምርጫ ከአሥሩ ውስጥ የለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የፊልሙ ባለመብት አርኬኦ ኩባንያ የፊልም ክምችቱን ለቴሌቪዥን ሸጠ፣ በ1956 ደግሞ ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች በድጋሚ ታየ። በ1962 አንደኛ ሆነ፤ ለአምስት ተከታታይ ምርጫዎችም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የዣን ሬኗር «የጨዋታው ሕግ» ዕጣ የባሰ ነበር። በ1939 ተመልካች ጮኸበት፣ መንግሥት አገደው፣ ኔጋቲቩም በጦርነቱ ቦምብ ጠፋ። ከየቦታው የተረፉት ቁርጥራጮች ተሰብስበው በ1959 ፊልሙ ወደ ቀድሞ መልኩ ተጠግቶ ሲታይ፣ በ1952 ከመጨረሻዎቹ የነበረው ሥራ በቀጣዩ ምርጫ ሦስተኛ ወጣ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው ራሱ ከምርጫው ታሪክ የሚወጣ ነው። የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» መብቱ በዳይሬክተሩ እጅ ስለነበር በ1970ዎቹ ከዕይታ ወጥቶ እስከ 1983 አካባቢ ድረስ አልተመለሰም። ሆኖም በ1982፣ ገና ተደብቆ ሳለ፣ ከአሥሩ መካከል ገባ። ታዲያ የማይታይ ፊልምም ይመረጣል ማለት ነው? አዎ፤ ቀድሞ ያዩት ሃያስያን አልረሱትም፣ መታጣቱም ናፍቆት ሳይጨምርላቸው አልቀረም። ይህ ትዝታ ግን ፊልሙን ወደ አሥሩ አናት አላደረሰውም። ወደ ሲኒማ ቤት ከተመለሰ በኋላ በ1992 አራተኛ፣ ምስሉና ድምፁ በ1996 ከታደሰ በኋላ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2012 «ሲቲዝን ኬን»ን አውርዶ አንደኛ ሆነ። ያየ ሰው ትዝታ ሊያቆየው ይችላል፤ አዲስ ትውልድ ሊወደው የሚችለው ግን ሲያየው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የ2022ቱን ውጤት ይዞ ይመጣል። የቤልጂየሟ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሲወጣ ብዙዎች ምክንያቱ የመራጮቹ መቀየር ነው አሉ። እውነት አላቸው፤ በ2012 ከ846 የማይበልጡት ተሳታፊዎች በ2022 ከ1,600 በላይ ሆነዋል፣ የመጡበትም ዓለም ሰፍቷል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍና ኑሮዋን ለማሸነፍ ወንድ ስታስተናግድ ሦስት ቀን የሚከተል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝም ፊልም አንደኛ እንዲሆን ለቤት ውስጥ ሥራዋ ክብር የሚሰጥ ዓይን ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ዓይን የሚያየው ነገር መኖር አለበት። ፊልሙ በ2009 አሜሪካ ውስጥ በሲኒማ ቤቶች ታይቶ በዲቪዲ ከወጣ በኋላ ነው በ2012 ሠላሳ ስድስተኛ የሆነው፤ ከዚያ ተነስቶ ነው አንደኛ የወጣው። የፊልሙ ጥራት ምንም ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያም አልሄድም። ታድሰው፣ በዲቪዲ ታትመው ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ፊልሞች አሉና። መታየት ምርጥ አያሰኝም፤ አለመታየት ግን ከውድድሩ ያስወጣል።

ለአፍሪካ ፊልም ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። የሴኔጋሉ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» በ1973 ተሠርቶ በ2008 በማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን ታደሰ፤ በ2012 ከመቶዎቹ መጨረሻ አካባቢ ገብቶ በ2022 ወደ ስልሳ ስድስተኛ ወጣ። ኢትዮጵያዊው ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱለትም፤ እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በጥቁር ሕዝብ ማኅበራት ድጋፍ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ዋሺንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍትና የፊልም መደብራቸውም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፊልም ነው። አንድ ፊልም ሠሪ አከፋፋይም፣ አሳዪም፣ ሻጭም ሲሆን ሊያደርስ የሚችለው እጁ እስከደረሰበት ድረስ ነው። የቀድሞዎቹን የኢትዮጵያ ፊልሞች «ሂሩት አባቷ ማነው»ን ወይም «ጉማ»ን የሚያይበት ያጣ የአዲስ አበባ ወጣትም በምርጦቹ ውስጥ ስላላካተታቸው ጣዕም የለውም ሊባል አይገባም። በ2022ቱ መቶ ፊልሞች ውስጥ ከኃይሌ ሥራዎች አንድም የለም። «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ለሰፊው ዓለም የቀረበው ግን በ2021 ነበር፤ ምርጫው ሲካሄድ ገና አንድ ዓመቱ ነው። «ቨርቲጎ» ወደ ሲኒማ ቤት ተመልሶ አንደኛ እስኪሆን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።