ሽቦውና ፊደሉ

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ፊቱን ላዞረ ሰው መቅደላ ሩቅ አይደለችም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግቶ ነበር። ሽቦው የመጣው ለወሎ ገበሬ ወሬ ሊያደርስ አልነበረም፤ የጄኔራል ናፒየርን ትእዛዝና ሪፖርት ሊያመላልስ ነው እንጂ። እኛም ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከዚያው ይጀምራል፦ ሽቦ ሲዘረጋ የሚናገርበት ማነው? በየትኛውስ ፊደል?

አንድ ቦታ ያለ ኮምፒዩተር ሌላ አገር ባለ ፕሪንተር ሲያጽፍ ብዙዎቻችን የትናንት ተአምር ይመስለናል። አይደለም እኮ! መስከረም 1 ቀን 1933 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆርጅ ስቲቢዝ ሃኖቨር በተባለች ከተማ፣ በዳርትመዝ ኮሌጅ፣ በሒሳብ ሊቃውንት ፊት አንድ የቴሌግራፍ መጻፊያ አቆመ። ጥያቄው በሽቦ ኒውዮርክ ወዳለው የሒሳብ መሣሪያ ሄደ፤ መልሱም ተመልሶ እዚያው ታተመ። ያ ቀን ለእኛ እንቁጣጣሽ ነበር። አገራችን ግን በፋሺስት ወረራ ሥር ነበረች፤ የአርበኞቻችን መልእክት በሰው እግር ገደል ይወጣ ይወርድ ነበር።

ታዲያ ርቀት ለምን ያስቸግራል? የድሮው የፕሪንተር ገመድ አንዱን ፊደል በስምንት ሽቦዎች ጎን ለጎን ይልከው ነበር። ስምንት በቅሎዎች እኩል ተነሥተው እኩል ይግቡ እንደ ማለት ነው፤ መንገዱ አጭር ሲሆን ይሆናል፣ ሲረዝም ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። መፍትሔው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በተራ መላክ ሆነ። በተለመደው ዘዴ 15 ሜትር ያህል፣ በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ደግሞ እስከ 1200 ሜትር ይደረሳል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሞደም ምልክቱን ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ መስመር ይሰደዋል።

ሽቦስ ነበረን። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የጎደለው ፊደሉ ነበር። የዓለም ቴሌፕሪንተር እያንዳንዱን ፊደል የሚልከው በአምስት ምልክት ነው፤ አምስት ምልክት 32 ዓይነት ብቻ ይሰጣል፣ በሁለት ረድፍ ቢቀያየር እንኳ ከ64 አያልፍም። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር! ለላቲን የተሰፋ ልብስ ለግዕዝ ጠበበው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለጽሕፈት መኪና፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ለቴሌፕሪንተር የደከሙት ይህን ለመፍታት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ወረዳኔት መጣ፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሳተላይትና በፋይበር ከክልልና ከአዲስ አበባ ጋር ተገናኙ። ፊደሉ ተሻገረ፣ ሽቦውም ደረሰ። እኛ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ሰርኩላር ከላይ ወደ ወረዳ ሲወርድ አንድ ቀን አይፈጅም፤ የቦረናና የሳይንት አዛውንት የሚያውቁት ታሪክ ግን በዚያው መስመር ወደ ላይ ሲሄድ አናይም። ሽቦ በሁለት በኩል ይሠራል። ስቲቢዝ ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ከሩቅ ያለው ይጠይቃል፣ መልስም ያገኛል።

ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባቢ ወንድሞችና እህቶች፣ ክረምት ለእረፍት ስንበተን እያንዳንዳችን ከየቀያችን የአንድ አዛውንት ወሬ በፊደላችን ጽፈን እንላክ። እስከ አሁን ወረቀቱ ወደ አገር ቤት ሲወርድ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ እዚህ ይታተም።