ቮልስን መበተን

ቮልስን መበተን አሮጌ ቮልስዋገን ለእድሳት እስከ መጨረሻው ብሎን የሚፈታበት የጋራዥ ሥራ ነው። ቮልስ በግቢ ውስጥ ለመበተን ከሚመቹ መኪኖች አንዱ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በአየር ስለሚቀዘቅዝም ራዲያተር የለውም። ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር የሚያያይዙት 4 ብሎኖች ብቻ ናቸው። ባትሪው ተነቅሎ፣ የቤንዚን ቱቦው፣ ሽቦዎቹና የነዳጅ መስጫው ገመድ ከተለያዩ በኋላ ሞተሩ በክሪክ ተደግፎ ከሥር ይወርዳል። ቦዲውም ከወለሉ ጋር የታሰረው በብሎን ነው። ዝገት የሚፈለገው መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው ከሚቀመጥበት ወለል ነው። ብሎኖቹን በየጣሳው ለይቶ ያላስቀመጠ ሰው ሲገጥም ይቸገራል።

በእድሳቱ ጊዜ መኪናው የሚሠራበት ቦታም ይታያል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በደባርቅ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። በአቅራቢያው ባለው የሊማሊሞ ቁልቁለት የሚመላለስ መኪና ደግሞ የፍሬን ሸራው በቶሎ ያልቃል።

ቮልስ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ፣ በእጅ ያለውን ማደስ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።